«እርጅና ነው» ከማለታችን በፊት፦ ስለ አረጋውያን ዓይን

(ለእድር አባላትና አረጋውያንን በቤታቸው ለሚንከባከቡ ቤተሰቦች በቃል ከቀረበ ገለጻ የተዘጋጀ)

እንደምን ዋላችሁ። ዛሬ በዋናነት የምንነጋገረው ስለ ሦስት በሽታዎች ነው። ሦስቱም ለቤተሰብ ዓይን አንድ ይመስላሉ፦ አዛውንቱ በር ላይ የቆመውን ሰው የሚለዩት በድምፁ ነው፣ ደረጃ ላይ ይደናቀፋሉ፣ ቡና ሲቀዱ ከስኒው ውጭ ያፈሳሉ። ልጆችም «እርጅና ነው፣ ምን ይደረግ» ብለው ይተዉታል። ከሦስቱ አንዱ፣ የዓይን ሞራ ግርዶሽ፣ ዓመታት ቢቆይም አብዛኛውን ጊዜ ብርሃን ይመለስለታል። ሁለተኛው፣ በትራኮማ ምክንያት የሽፋሽፍት ወደ ውስጥ መቀልበስ፣ ዓይኑ ሳይነጣ ከተደረሰበት ይተርፋል። ሦስተኛው፣ ግላኮማ፣ የወሰደውን አይመልስም፤ የቀረውን ብቻ ነው ማትረፍ የሚቻለው። «አያዩም» ብሎ መደምደም የማይበቃው ለዚህ ነው፤ የትኛው እንደያዛቸው እስካልታወቀ ድረስ ጊዜ አለን ወይስ የለንም የሚለውን መመለስ አይቻልም።

እ.ኤ.አ. በ2005 እና 2006 በተካሄደው ሀገር አቀፍ ጥናት ከኢትዮጵያ ሕዝብ 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር ሆኖ ተገኝቷል። ከዓይነ ስውርነቱ ግማሽ ያህሉን፣ 49.9 በመቶውን፣ ያመጣው የዓይን ሞራ ግርዶሽ ነው። ትራኮማ የተወው ጠባሳ 11.5 በመቶ፣ ግላኮማ 5.2 በመቶ ድርሻ ነበራቸው። ጥናቱ የቆየ ነው፤ በተለይ በትራኮማ በኩል ከዚያ ወዲህ ብዙ ሥራ ተሠርቷል። አንዱ አኃዝ ግን አሁንም ልብ ሊባል ይገባል፦ ከዓይነ ስውርነቱ 87.4 በመቶው መከላከል ወይም ማከም የሚቻል ነበር።

ከመጀመሪያው እንነሳ፤ ቤት ውስጥ ምን ማድረግ ይቻላል? አዛውንቱን በቀን ብርሃን፣ ፀሐይ ፊታቸው ላይ በማይወድቅበት ጥላ አስቀምጧቸው። መነጽር ካላቸው ያድርጉት። አንዱን ዓይን በመዳፋቸው ይሸፍኑ፤ በጣት ከሆነ በክፍተቱ ያያሉ፣ ተጭነው ከያዙት ደግሞ ዓይኑ ሲገለጥ ለጊዜው ይደበዝዛል። እናንተ 6 ሜትር፣ ማለትም ስምንት ተራ እርምጃ ያህል፣ ራቁና ጣት አሳዩአቸው፤ አንድ፣ አራት፣ ሁለት እያላችሁ አምስት ጊዜ ለዋውጡ። ቢያንስ አራቱን በትክክል መቁጠር አለባቸው። ካልቻሉ ወደ 3 ሜትር ቅረቡና ድገሙት። ከዚያ ሌላው ዓይን። በ3 ሜትር ርቀት በተሻለው ዓይናቸው እንኳ ጣት መቁጠር የማይችሉ ሰው በሕክምናው መለኪያ ዓይነ ስውር ከሚባሉት ተርታ ናቸው።

አንድ ማሳሰቢያ አለ። ይህ ሙከራ ከባዱን ችግር ብቻ ነው የሚይዘው። ጣት ቆጠሩ ማለት ዓይናቸው ጤነኛ ነው ማለት አይደለም፤ ግላኮማ ግማሽ መንገድ የሄደበት ሰው ፊት ለፊት ያለውን ጣት አንድም ሳይስት ይቆጥራል። ዓይኖቹን ለየብቻ መሞከር ግን በምንም አይተካም። ብዙ ሰው አንድ ዓይኑ መጥፋቱን የሚያውቀው በአጋጣሚ፣ ደህናውን ዓይን ሲያሽ ወይም አቧራ ሲገባበት ነው።

አሁን ወደ ሞራው። ከብሌኑ ጀርባ ያለው ሌንስ በወጣትነት ጥርት ያለ ነው። በዕድሜ ብዛት በውስጡ ያለው ፕሮቲን፣ የእንቁላል ውሃ ሲበስል እንደሚነጣው፣ እየደፈረሰ ይሄዳል። ሕመም የለውም፣ ዓይኑም አይቀላም። ነገሮች በጭስ ውስጥ እንዳሉ ይታያሉ፤ ማታ የመኪና መብራት ይበተናል፤ ቀለም ይደበዝዛል። ቤተሰብን የሚያሳስት አንድ ምልክትም አለ፦ ለዓመታት ያለ መነጽር ማንበብ ያልቻሉ አዛውንት በድንገት ዳዊታቸውን ወይም ቁርዓናቸውን ያለ መነጽር ማንበብ ይጀምራሉ። ቤቱ ይደሰታል። የሆነው ግን የሌንሱ መሐል ጠጥሮ ዓይኑን ለቅርብ ማስተካከሉ ነው፤ በዚያው ልክ የሩቁ እየጠፋ ይሄዳል፣ ከጊዜ በኋላም የቅርቡ ይከተላል።

ሞራን የሚያጠፋ ጠብታ የለም፤ ማንም በየትኛውም ዋጋ ቢሸጥላችሁ። መድኃኒቱ ቀዶ ሕክምና ብቻ ነው። «ሞራው እስኪበስል ይቆይ» የሚለው ምክርም ድሮ ሌንሱ ሙሉውን በሚወጣበት ዘመን የነበረ ነው። ዛሬ መጠበቅ ይጎዳል፦ የቆየ ሞራ ይጠጥራል፣ ለማውጣትም ሰፊ ቀዳዳና ብዙ ድካም ይጠይቃል። ከልክ በላይ የቆየው ደግሞ ያብጣል ወይም ያፈስሳል፤ ያኔ የዓይን ግፊት ይወጣል፣ ዓይኑ ቀልቶ ክፉኛ ያማል፣ ሊመለስ የሚችለው ብርሃንም አብሮ ይጠፋል። ጊዜው መቼ ነው ብትሉ፣ የሚፈልጉትን ሥራ መሥራት ሲያቅታቸው ነው፤ ገበያ መሄድ፣ እህል መልቀም፣ ማንበብ፣ ከብት መለየት።

በሀገራችን በስፋት የሚሠራው ዘዴ ከ6 እስከ 7 ሚሊ ሜትር በሆነች ትንሽ ቀዳዳ ሞራው ወጥቶ በምትኩ ሰው ሠራሽ ሌንስ የሚገባበት ነው። ቀዳዳው ራሱን ስለሚዘጋ አብዛኛውን ጊዜ ስፌት አያስፈልገውም። በከተማ አንዳንድ ማዕከሎች በማሽን፣ ከ3 ሚሊ ሜትር በታች በሆነ ቀዳዳ ይሠራሉ። ገንዘብ ስለሌለን የቀረብን ነገር አለ ብላችሁ እንዳትጨነቁ፤ በሠለጠነ እጅ የመጀመሪያውም ጥሩ ውጤት ይሰጣል፣ በጣም ለጠጠረ ሞራ እንዲያውም ብዙ ጊዜ እሱ ይመረጣል። የሚደነዝዘው ዓይኑ አካባቢ ብቻ ስለሆነ በሽተኛው አይተኙም፤ ድምፅ ይሰማሉ፣ ብርሃን ያያሉ። ሥራው ራሱ ብዙ ጊዜ ግማሽ ሰዓት አይሞላም።

ከቀዶው በፊት የሚረሱ ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ በጀርባ ተኝተው ያን ያህል ጊዜ መቆየት መቻል አለባቸው፤ ሳል ወይም የልብ ድካም ካለባቸው እሱ ቀድሞ ይታከም። ሁለተኛ፣ የደም ግፊትና የስኳር መድኃኒታቸውን በራሳቸው እንዳያቋርጡ፤ ምን ይወሰድ ምን ይቅር የሚለውን ሐኪሙ ይናገር። ሦስተኛ፣ አባት ለፕሮስቴት ታምሱሎሲን የሚባል ክኒን የሚወስዱ ከሆነ ወይም ወስደው ከነበረ ለቀዶ ሐኪሙ መነገር አለበት፤ መድኃኒቱ ብሌኑ በቀዶው መሐል እንዲጠብ፣ በዙሪያው ያለውም ሥጋ እንዲላላ ያደርጋል። ሐኪሙ ካወቀ ይዘጋጅበታል፤ ካላወቀ ግን በቀዶው መሐል ይቸገራል። ደግሞም ሐኪሙ ባትሪ ይዞ ብርሃኑ ከላይ ነው ከታች፣ ከግራ ነው ከቀኝ ብሎ ሲጠይቅ ለጨዋታ አይደለም። ከሞራው ጀርባ ያለው ነርቭ መሥራቱን እያየ ነው። ነርቩ በግላኮማ ከተበላ ሌንስ መቀየሩ ብቻውን ብርሃን አያመጣም፤ ከቀዶ በኋላ «ገንዘባችንን በላብን» የሚባለው አንዳንዱ ቅሬታ ከዚህ የሚመጣ ነው።

ከቀዶ በኋላ ጠብታው ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይቀጥላል፣ በየጊዜውም ይቀነሳል። ዓይኑ አይታሽ። ሲተኙ ጠንካራውን የዓይን መከለያ ያድርጉ። ቢያንስ ለሁለት ሳምንት ውኃ ዓይን ውስጥ አይግባ፤ ጠበልም ከሆነ ይጠጡት እንጂ ፊታቸው ላይ አይረጭ። ጀሪካን ማንሳት፣ የማገዶ ጭስ፣ ግንባርን መሬት የሚያስነካ ስግደትና ሱጁድ ሐኪሙ እስኪፈቅድ ይቆዩ፤ ለሕመምተኛ ተቀምጦ መጸለይና መስገድ በሁለቱም እምነት የታወቀ ነው። ትንሽ መቆርቆርና እንባ ያለ ነው። ሕመሙ ከቀን ወደ ቀን ከጨመረ፣ ዓይኑ ከቀላ፣ መግል ከታየ፣ የተመለሰው ብርሃን መልሶ ከቀነሰ ግን ቀጠሮ አይጠበቅም። ይህ የውስጥ ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል፤ የሚከሰተው በጣም አልፎ አልፎ ነው፣ ሲከሰት ግን ዓይኑን የሚያተርፈው በሰዓታት ውስጥ የሚሰጥ መድኃኒት ነው። በዚያው ቀን፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ወደተሠራበት ሆስፒታል መሄድ ነው።

የገባው ሌንስ ብዙ ጊዜ ለሩቅ የተለካ ስለሆነ ለማንበብና መርፌ ለመክተት መነጽር ያስፈልጋል። ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ እይታው መልሶ ቢደበዝዝ «ሞራው ተመለሰ» አትበሉ። ሌንሱን የያዘው ስስ ሽፋን ደፍርሶ ነው፤ በሌዘር በደቂቃዎች ውስጥ ይከፈታል።

ትራኮማ የሚጀምረው በልጅነት ነው፣ ዋጋ የሚያስከፍለው ግን በእርጅና ነው። ተደጋጋሚው ኢንፌክሽን የላይኛውን የዓይን ቆብ ከውስጥ በኩል ያጠባስሳል፤ ጠባሳው ዓመታት ቆይቶ ይኮማተርና የቆቡን ጠርዝ ወደ ውስጥ ያጥፈዋል። ያኔ ሽፋሽፍቱ በእያንዳንዱ እርግብግቢት ኮርኒያውን፣ ማለትም በጥቁሩ የዓይን ክፍል ላይ ያለውን ጥርት ያለ መስታወት፣ ይፍቀዋል። የጤና ባለሙያዎች «ቲቲ» ይሉታል። ከልጆች ጋር የሚውሉት ሴቶች ስለሆኑ ከወንዶች ይልቅ እናቶቻችን ይጠቃሉ። እናት ብርሃን ሲሸሹ፣ ዓይናቸውን በነጠላ ጫፍ ደጋግመው ሲጠርጉ፣ እንባ ሲያፈሱ ካያችሁ፣ ቆቡን ሳትነኩ በደህና ብርሃን ከጎን ተመልከቱ፤ ዓይኑን የነካ ፀጉር አንድም ይሁን አሥር ይታያል።

ወረንጦ በየቤቱ አለ። ፈጽሞ አትንቀሉ አይባልም፤ በአማራ ክልል በተካሄደ ጥናት ጥቂት ፀጉር ብቻ ለተቀለበሰባቸው ሰዎች በአግባቡ መንቀል ከቀዶው ጋር የሚቀራረብ ውጤት ሰጥቷል። «በአግባቡ» የሚለው ቃል ግን ዋና ነው፦ አፉ በደንብ የሚገጥም ወረንጦ፣ የቅርብ እይታው ደህና የሆነ ነቃይ፣ ከሥሩ ወጥቶ የማይሰበር ፀጉር፣ ዳግም ሲበቅልም ሳይዘገይ መድገም። በዶለዶመ ወረንጦ መሐሉ ላይ የተሰበረ ፀጉር አጭርና ሹል ሆኖ ከበፊቱ ይብሳል። ፀጉሩ ብዙ ከሆነ ወይም ኮርኒያው ላይ ደመና ከታየ ቀዶው አይዘግይ። ሥራው በጤና ጣቢያ ደረጃም በሠለጠኑ ነርሶች ይሰጣል፦ ቆቡ በመርፌ ይደነዝዛል፣ ይቀደዳል፣ ጠርዙ ወደ ውጭ ዞሮ ይሰፋል። በማግስቱ ፋሻው ይፈታል፤ ክሩ የማይሟሟ ዓይነት ከሆነ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ይወጣል። ከቀዶው በኋላ ፀጉሩ ዳግም ሊቀለበስ ይችላል፣ ብርቅም አይደለም። ስለዚህ ከሦስት እስከ ስድስት ወር ባለው ጊዜ ዓይኑ ይታይ፤ ዳግም መሠራት ይቻላል።

ግላኮማ ላይ ቆም እንበል፤ ከሦስቱ ተንኮለኛው እሱ ነው። በዓይን ውስጥ የሚመነጭ ፈሳሽ አለ፤ መውጫው ሲደናቀፍ ግፊቱ ይጨምርና የእይታ ነርቭን ከጠርዝ ጀምሮ ይበላል። የተለመደው ግፊት ከ10 እስከ 21 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ነው፤ ሆኖም በዚህ ልክ ውስጥ ሆኖም ነርቩ የሚጎዳ ሰው ስላለ ግፊት መለካቱ ብቻ አይበቃም፣ ነርቩ ራሱ መታየት አለበት። ሕመም የለም። መጀመሪያ የሚጠፋው የጎን እይታ ስለሆነ ሰውየው አያውቅም፤ ጎረቤት አልፎት ሲሄድ «ኮራ» ይሉታል፣ በበሩ መቃን ትከሻውን ይመታል። በኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢ ደግሞ በአረጋውያን ሌንስ ጠርዝ ላይ ነጭ ቅርፊት መሰል ነገር የሚጠራቀምበት ዓይነት በብዛት ይታያል። ይህ ቅርፊት የፈሳሹን መውጫ ይደፍንና ግፊቱን በፍጥነት ያወጣል፣ የሞራ ቀዶውንም ያከብደዋል። እናት ወይም አባት ግላኮማ ካለባቸው ልጆችና እህት ወንድሞች ከ40 ዓመት ጀምሮ በየዓመቱ መታየት ይገባቸዋል። የደም ግፊት ክኒን የዓይን ግፊትን አያክምም፤ ሁለቱ የተለያዩ ናቸው።

ሕክምናው ብዙ ጊዜ በጠብታ ይጀመራል፤ ዕድሜ ልክ ነው። ትልቁ ውድቀትም እዚህ ላይ ነው። ጠብታው እይታን አያሻሽልም፤ ሰውየው ሲጨምርም ሲተውም ልዩነት ስለማይሰማው «አልጠቀመኝም» ብሎ ያቆማል። ጠበል ቦታ ለሦስት ሳምንት ሲሄዱ ቤት ጥለውት የሚሄዱም አሉ፤ ጠብታው ከጠበሉ ጋር አይጣላም፣ በነጠላ ጫፍ ተቋጥሮ ይሂድ። ቲሞሎል የተባለው የግላኮማ ጠብታ በቀን ሁለት ጊዜ ይጨመራል፤ አስም ላለበት ሰው አደገኛ ነው፣ የልብ ምታቸው ለሚዘገይም እንዲሁ፤ በዓይን የገባ ጠብታ በአፍንጫ ወርዶ ደም ውስጥ ይገባልና። ላታኖፕሮስት የተባለው ሌላው ጠብታ ማታ ማታ አንድ ጊዜ ብቻ ስለሆነ ለሚጾምም ይመቻል።

አጨማመሩ እንዲህ ነው። እጅ ይታጠብ። ጋደም ይበሉ ወይም አንገታቸውን ወደ ኋላ ያዘንብሉ፤ የታችኛው ቆብ ወደ ታች ይሳብና ኪስ ይሥራ፤ አንድ ጠብታ እዚያ ውስጥ ይውደቅ። የጠርሙሱ አፍ ሽፋሽፍትም ጣትም አይንካ። ዓይኑ ይከደን፣ በአፍንጫ በኩል ያለው የዓይን ማዕዘን በጣት ለሁለት ደቂቃ ያህል ይጫን፤ ይህ መድኃኒቱን ዓይን ውስጥ ያቆየዋል፣ ወደ ደም የሚገባውንም ይቀንሳል። ሁለተኛ ዓይነት ጠብታ ካለ አምስት ደቂቃ ይጠበቅ፤ አለዚያ ሁለተኛው የመጀመሪያውን ያጥበዋል። እጃቸው የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ዓይናቸውን ከድነው በጀርባ ይተኙ፣ ጠብታው በውስጠኛው ማዕዘን ላይ ይቀመጥ፣ ከዚያ ዓይናቸውን ይግለጡ። ለቤተሰብ አንድ የመቆጣጠሪያ ዘዴ፦ የ5 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ 100 ጠብታ ገደማ አለው። በቀን ሁለት ጊዜ ለሁለት ዓይን አራት ጠብታ ነው፤ በ25 ቀን አካባቢ ማለቅ አለበት። ወር ሞልቶ ግማሹ ካለ እየተዘለለ ነው፤ በሁለት ሳምንት ካለቀ ደግሞ ጉንጭ ላይ እየፈሰሰ ነው።

አንዱ የግላኮማ ዓይነት ግን ዝም አይልም። ድንገት ከባድ የዓይንና የራስ ሕመም፣ የቀላ ዓይን፣ በመብራት ዙሪያ ቀስተ ደመና፣ ማስመለስ። ማስመለሱ ሰውን ያሳስትና የሆድ መድኃኒት ይፈለጋል፤ ዓይኑ ግን በሰዓታት ውስጥ ይጠፋል።

የስኳር ሕመምተኞች ምንም ባይሰማቸውም በዓመት አንድ ጊዜ ሬቲናቸው፣ ማለትም በዓይን ጀርባ በኩል ብርሃን የሚቀበለው ስስ ሽፋን፣ ይታይ። ብሌን የሚያሰፋ ጠብታ ስለሚደረግ የቅርቡ ለሰዓታት ይደበዝዛል፤ አጃቢ ይኑራቸው። የመስኮት ፍርግርግ ወይም የበር መቃን ጎብጦ ከታየ የሬቲናው መሐል ታሟል፤ አንዱ ዓይነት በዓይን ውስጥ በሚሰጥ መርፌ የሚገታ ስለሆነ በቀናት ውስጥ መድረስ ነው። ብልጭታና እንደ መጋረጃ የሚወርድ ጥላም እንዲሁ፣ ያውም በዚያው ቀን።

አልማዝ ባለጭራ በግንባር ላይ ወጥቶ እስከ አፍንጫ ጫፍ ከደረሰ ዓይኑ አደጋ ላይ ነው። ኢንፌክሽኑን የሚገታው አሲክሎቪር የተሻለ የሚሠራው ሽፍታው በወጣ በ72 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ነው፤ ቅጠል ቀጥቅጦ መለጠፍ ቆዳውን አቃጥሎ የዓይን ቆቡን ያጠባስሳል። ከፋርማሲ ያለ ትእዛዝ የሚገዛው ዴክሳሜታዞን የተባለ ጠብታም አንድ ቃል ይገባዋል። መቅላትንና ማሳከክን ቶሎ ስለሚያጠፋ ይወደዳል፤ ለወራት ሲደረግ ግን የዓይን ግፊት ያወጣል፣ ሞራም ያመጣል።

እይታቸው ከወረደ አረጋውያን መካከል አንዳንዶቹ የሌሉ ሰዎችን፣ አበቦችን፣ ሕፃናትን ያያሉ። ይህ የቻርልስ ቦኔት ሕመም ይባላል፤ የስዊስ ተወላጁ ቦኔት በ1760 እ.ኤ.አ. በአያቱ ላይ አይቶ የመዘገበው ነው። ከዓይን ምስል የማይደርሰው አንጎል የራሱን ይፈጥራል። የሚያዩት እውነት እንዳልሆነ ራሳቸው ያውቁታል፤ አበደች ወይም መንፈስ ያዛት እንዳይባሉ ፈርተው ግን ይደብቁታል። እናንተ ቀድማችሁ ጠይቋቸው፤ መታወቁ ብቻውን ብዙ ጭንቀት ያቀላል።

በመጨረሻ ከተነሱት ጥያቄዎች ሁለቱን እመልሳለሁ። «ዓይን መቀየር አይቻልም ወይ?» የሚቀየረው ኮርኒያ ብቻ ነው፤ በኢትዮጵያ የዓይን ባንክ ከተመሠረተ እ.ኤ.አ. ከ2003 ወዲህ በልገሳ የተገኘ ኮርኒያ ይተከላል። ሙሉ ዓይንን ተክሎ ማየት ማስቻል አልተቻለም፤ በግላኮማ የጠፋም በዚህ አይመለስም።

«ከአሜሪካ ልጄ ላታኖፕሮስት ትልክልኛለች፣ በመንገድ ይበላሻል?» ያልተከፈተ ጠርሙስ የሚቀመጠው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ነው፤ ለጉዞ ግን እስከ 40 ዲግሪ በሚደርስ ሙቀት ከስምንት ቀን ላልበለጠ ጊዜ ይችላል። ስለዚህ በሰው እጅ ይምጣ፣ ሲደርስ ማቀዝቀዣ ይግባ፣ በረዶ ግን አይሁን። ከተከፈተ በኋላ በክፍል ሙቀት እስከ ስድስት ሳምንት ይቆያል፤ አራት ሳምንት የሚል የሌላ አምራች ጠርሙስም ስላለ ወረቀቱን አንብቡ። አንዱ የ2.5 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ለሁለት ዓይን ከአንድ ወር ጥቂት ያልፋል፤ ለስድስት ወር የምትልክ ልጅ ስድስት ትቁጠር፣ የማብቂያ ቀናቸውንም ትይ። የተከፈተበትን ቀን ጠርሙሱ ላይ በእስክሪብቶ ጻፉበት።